ከጣሊያናዊ አባት ጋር ወደ ትውልድ አገራቸው፦ ቪዛ ይበቃል ወይስ ፓስፖርት ይቀየር?

ጥያቄ፦ የ34 ዓመት ተቀጣሪ ነኝ፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። እናቴ ኢትዮጵያዊት ናት፤ አባቴ ጣሊያናዊ ሲሆኑ ሌላ ዜግነት የላቸውም። እርጅና ስለተጫናቸው አቅማቸው ሳይደክም የተወለዱበትን መንደር እንዲያዩ ለአንድ ወር ይዣቸው ልሄድ አስቤያለሁ። አንዱ «የጣሊያን ልጅ ቪዛ ምን ያደርግለታል» ይለኛል፤ ሌላው «የጣሊያን ፓስፖርት አውጥተህ ተገላገል» ይለኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ሁለቱንም አይስሙ። በኢትዮጵያ ፓስፖርት እስከተጓዙ ድረስ የአጭር ጊዜ የሸንገን ቪዛ (ጣሊያንን ጨምሮ ለአብዛኞቹ የአውሮፓ አገሮች የሚያገለግል የጋራ ቪዛ) ያስፈልግዎታል፤ የአባትዎ ዜግነት ከዚህ ነጻ አያደርግዎትም።

ከፓስፖርቱ ልጀምር፤ መዘዝ ያለው እሱ ነው። በጣሊያን ሕግ የጣሊያናዊ ልጅ ከልደቱ ጀምሮ ዜጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው ሕግ ይህን ቢያጠብበውም፣ አባትዎ የጣሊያን ዜግነት ብቻ ስላላቸው በሩ አልተዘጋብዎትም። ችግሩ በእኛ በኩል ነው። በዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 አንቀጽ 20 መሠረት፣ ከውጭ ዜጋ ወላጅ በመወለዱ ሌላ ዜግነት ያገኘ ኢትዮጵያዊ ለአካለ መጠን በደረሰ በአንድ ዓመት ውስጥ ሌላውን ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን መምረጡን ካላሳወቀ፣ ኢትዮጵያዊነቱን በፈቃዱ እንደተወ ይቆጠራል። ያ ጊዜ አልፎብዎታል። የጣሊያን ዜግነትዎ ይታወቅልኝ ብለው ሲያመለክቱ «ኢትዮጵያዊነትዎስ አለ ወይ?» የሚለውን ጥያቄ በራስዎ ላይ ያስነሳሉ። ኢትዮጵያዊነቱን ያጣ ሰው የሚይዘው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ (ቢጫ ካርድ) ብዙ መብት ቢሰጥም መምረጥና መመረጥን፣ በመከላከያ፣ በደኅንነትና በውጭ ጉዳይ በቋሚነት መቀጠርን አይሰጥም። ለአንድ ወር ጉብኝት ተብሎ ይህን የሚያህል ነገር አይነካም። ዜግነቱን ከፈለጉት ከጉዞው ለይተው፣ ሰነድዎን ለጠበቃ አሳይተው ይወስኑ።

ወደ ቪዛው ስንመጣ፣ ማመልከቻ ከጉዞው ቀን 6 ወር ሲቀረው ጀምሮ ይቀበላሉ። ውሳኔው እስከ 45 ቀን ሊወስድ ስለሚችል ቢያንስ ሁለት ወር ቀድመው ያስገቡ። ክፍያው 90 ዩሮ ነው። ከ21 ዓመት በታች የሆነ ወይም በወላጁ የሚተዳደር ልጅ አይከፍልም፤ እርስዎ ደመወዝተኛ ነዎትና ይከፍላሉ። የጉዞ ኢንሹራንሱ ሽፋን ከ30,000 ዩሮ ማነስ የለበትም። ከ20 ቀን ለሚበልጥ ቆይታ ጣሊያን የምትጠይቀው ገንዘብ መነሻው 206.58 ዩሮ ሆኖ በቀን 27.89 ይጨመርበታል፤ ለ30 ቀን 1,043.28 ዩሮ ይሆናል። ማመልከቻው ሊገባ ሲል በአንድ ጊዜ የተደፋ ብር ጥርጣሬ ይጋብዛል፤ ደመወዝ በየወሩ የሚገባበት የባንክ ስቴትመንት ይሻላል። ከመሥሪያ ቤትዎ የሚጻፈው ደብዳቤም ፈቃድ መውሰድዎን ብቻ ሳይሆን ወደ ሥራ የሚመለሱበትን ቀን ይግለጽ።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው በስም ነው። አባትዎ ለምሳሌ አንቶኒዮ ሮሲ ቢባሉ፣ የእርስዎ ፓስፖርት ዳንኤል አንቶኒዮ ጁሴፔ ይላል። «ሮሲ» የትም የለም፤ ፋይሉን የሚያየው ሰው ልጅነትዎን ከፓስፖርቱ አያነበውም። ስለዚህ የልደት ምስክር ወረቀትዎ ላይ የአባት ስም ከነቤተሰብ ስሙ፣ ፊደሉም ልክ በጣሊያን ፓስፖርታቸው እንዳለው መስፈር አለበት። ካልሆነ መጀመሪያ በወረዳው ያሳርሙ፤ ከዚያ ያስተርጉሙና በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያረጋግጡ። የልደት ቀኑንም ያመሳክሩ፦ የእኛን ዘመን አቆጣጠር እንዳለ የገለበጠ ትርጉም ዕድሜዎን በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ያሳስተዋል።

የሚያርፉት ዘመድ ቤት ከሆነ ዘመዱ የግብዣ ደብዳቤና የመታወቂያውን ቅጂ ይላክ። እንደደረሱም በ48 ሰዓት ውስጥ እንግዳ መቀበሉን ለፖሊስ ወይም ለመንደሩ ማዘጋጃ ቤት ያስታውቅ፤ ካላደረገ የሚቀጣው እሱ ነው። በቀጥታ ሮም ወይም ሚላን ካረፉ ድንበር ላይ ይመዘገባሉ፤ በሌላ የሸንገን አገር፣ ለምሳሌ በጀርመኗ ፍራንክፈርት በኩል ከገቡ ግን በ8 ቀን ውስጥ መግባትዎን ራስዎ ለፖሊስ ያሳውቃሉ።

ቪዛው ቢከለከል ሮም ለሚገኘው የአስተዳደር ፍርድ ቤት በ60 ቀን ውስጥ አቤት ማለት ይቻላል። ወጪው ግን ለአንድ ወር ጉዞ አያዋጣም፤ በክልከላው ወረቀት ላይ ምልክት የተደረገበትን ምክንያት አሟልቶ እንደገና ማመልከት ይቀላል።

የአባትዎን ነገርም አይዘንጉ፤ እዚህ አገር የሚኖሩት በመኖሪያ ፈቃድ ነው። ቲኬት ከመቁረጥዎ በፊት ፈቃዱ የመመለሻውን ቀን አልፎ የሚሄድ መሆኑን ይዩ፤ የማይደርስ ከሆነ ከመውጣታቸው በፊት ኢሚግሬሽን ሄደው ያሳድሱላቸው።