የአጥንቱን መርፌ ለካንሰር ብለው ከመጠየቅዎ በፊት

ውድ እህቴ፣ ቀዶ ጥገናዎ ሦስት ሳምንት እንደቀረው ጽፈዋል። ዴኖሱማብ የተባለው የአጥንት መርፌ ሰውነት የጡት ካንሰርን እንዲዋጋ ያነቃቃል የሚል ዜና ስላነበቡ፣ ሐኪምዎን ይጠይቁ ወይስ ይተዉት እንደሆነ ምክር ፈልገዋል። እኔም ይህንኑ ዜና በ2020 መጨረሻ እዚህ ሜሪላንድ ሆኜ አንብቤዋለሁ። ከቀዶ ጥገና ወጥቼ ሌትሮዞል የተባለውን የሆርሞን መቀነሻ ክኒን በምውጥበት ጊዜ ስለነበር ከደስታዬ ብዛት ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። በዚያ ደስታ የሠራሁት ስሕተት ግን ሁለት የአከርካሪ አጥንት አስከፍሎኛልና እርስዎ እንዳይደግሙት የማውቀውን ልንገርዎ።

1. ዜናው ሐሰት አይደለም። ራንክ ሊጋንድ የሚባል ፕሮቲን አሮጌ አጥንት የሚበሉትን ሕዋሳት ይቀሰቅሳል፤ ዴኖሱማብ ይህን ፕሮቲን ይዞ ሥራውን ያስቆመዋል። ይኸው ፕሮቲን በጡት ውስጥም ከፕሮጄስትሮን ሆርሞን ትእዛዝ እየተቀበለ የጡት ሕዋሳትን እንደሚያበዛ፣ በአይጦችም ዕጢ እንዲያድግ እንደሚያግዝ በ2010 የወጡ ጥናቶች አሳይተዋል። በ2020 የወጣው ጥናት ደግሞ ስፔናዊቷ ተመራማሪ ኤቫ ጎንዛሌስ ሱዋሬዝ ከብራስልሱ የጁል ቦርዴ ኢንስቲትዩት ባልደረቦች ጋር የሠሩት ነው። የወር አበባቸው ያልተቋረጠ፣ ቁጥራቸው ሠላሳ የማይሞላ ሴቶች ከቀዶ ጥገናቸው በፊት መርፌውን ወሰዱ፤ ዕጢያቸው ሲመረመርም ሲዲ8 የሚባሉት ነቀርሳን የሚገድሉ ነጭ የደም ሕዋሳት ወደ ውስጡ በብዛት ገብተው ተገኙ። እኔን ያስደነቀኝ፣ ካንሰሩ ራሱ በዚህ ፕሮቲን እየተጠቀመ ከሰውነት ዘበኞች ይሸሸግ እንደነበር መታወቁ ነው።

2. ይሁን እንጂ ያው ጥናት ዋና ጥያቄው አድርጎ የተነሣው የዕጢው ሕዋሳት መባዛት ይቀንስ እንደሆነ ነበር፤ አልቀነሰም። 4,509 ሴቶች የተሳተፉበት ሌላ ትልቅ ሙከራም መርፌው ካንሰሩ ወደ አጥንት እንዳይዛመት እንዳልከለከለ በ2020 አስታውቋል። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ ተስፋ የሚያደርጉት መርፌው ብቻውን ይፈውሳል ብለው ሳይሆን፣ ለኢሚውኖቴራፒ፣ ማለትም የሰውነትን መከላከያ አንቅቶ ካንሰርን ለሚያስወጋ ሕክምና፣ መንገድ ይጠርግ ይሆናል ብለው ነው። እርስዎ ለዚህ ጥቅም ከፈለጉት ሐኪምዎን «ስጡኝ» ከማለት ይልቅ «የምገባበት ክሊኒካዊ ሙከራ አለ ወይ?» ብለው ይጠይቁ፤ ለዚህ ተብሎም ቀዶ ጥገናዎ በአንድ ቀን እንኳ አይዘግይ።

3. መርፌው ለአጥንትዎ ከታዘዘልዎ ግን በደስታ ይቀበሉት። እንደ እኔ ሌትሮዞልን የመሰለ የሆርሞን መቀነሻ ክኒን ከታዘዘልዎ ክኒኑ አጥንት ያሳሳል። በኦስትሪያና በስዊድን 3,425 ሴቶች የተሳተፉበት ጥናት፣ በየስድስት ወሩ የሚሰጠው 60 ሚሊግራም ስብራትን በግማሽ እንደቀነሰ አረጋግጧል። አስቀድመው ጥርስዎን ይታዩ፤ መነቀል ያለበት ካለ ከመርፌው በፊት ይነቀል፤ መንጋጋ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ጥቂት ሰው ቢያገኝም ከባድ ነው። ካልሲየምና ቫይታሚን ዲዎንም ያስመርምሩ።

4. ቀኑን አያሳልፉ። ከሁሉም በላይ ልነግርዎ የፈለግሁት ይህን ነው። የመጀመሪያውን መርፌ በየካቲት 2021 ወሰድኩ፤ እስከ ነሐሴ 2022 ድረስም አራቱን አንድም ቀን ሳላዛንፍ ወሰድኩ። አምስተኛው ሊደርስ ሲል ኢንሹራንሴ ተለወጠና አዲስ ቅድመ ፈቃድ ያስፈልጋል ተባለ። ክሊኒኩ ሰባት ጊዜ ደወልኩ። ሰባተኛው ላይ ስልክ ያነሣችው ሠራተኛ «ፈቃዱ ካልመጣ እኛ ምን እናድርግ? በየቀኑ እየደወልሽ ሥራ አታስፈቺን» ብላ ዘጋችብኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቼ ግብር በከፈልኩበት አገር እንደ ለማኝ መታየቴ አንጀቴን አቃጠለው። በዚያው ሰሞን እናቴ አዲስ አበባ ታመመችና ነገሩን ትቼ ሄድኩ።

የሠራተኛዋ ክፋት እንዳለ ሆኖ፣ ጥፋቱ የእኔም ነው። በልቤ «እነዚያ የጥናቱ ሴቶች ለጥቂት ቀን ብቻ ወስደው መከላከያቸው ከነቃ እኔ አራት ወስጃለሁ፤ ሰውነቴ የሚበቃውን አግኝቷል» ብዬ ራሴን አጽናናሁ። መርፌውን እንደ ክትባት አየሁት፤ ስለ አጥንቴ ጭራሽ ረሳሁ። ዴኖሱማብ በአጥንት ውስጥ ተከማችቶ የሚቆይ መድኃኒት እንዳልሆነ፣ ጊዜው ሲያልፍ ታግደው የቆዩት አጥንት በል ሕዋሳት በአንድ ጊዜ ተነሥተው ከቀድሞው በባሰ ፍጥነት እንደሚበሉ የነገረኝ አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም። በሰኔ 2023 ስመለስ ከመጨረሻው መርፌ አሥር ወር ሆኖኝ ነበር። በሳምንቱ የሊጥ ባልዲ ላነሣ ጎንበስ ስል ወገቤ ውስጥ አንድ ነገር እንደ ደረቅ እንጨት ጧ አለ። ራጅ ሲነሣ ሁለት የአከርካሪ አጥንቶቼ ተጨፍልቀዋል፤ ቁመቴም ሦስት ሴንቲሜትር ቀንሷል። ካንሰር ያላስተኛኝ ሴት ስድስት ሳምንት ያለሰው እርዳታ ከአልጋዬ መነሣት አቃተኝ።

ከተኛሁበት ሆኜ የደወልኩባቸውን ቀናትና የተሰጠኝን መልስ ሁሉ ከማስታወሻ ደብተሬ እየቀዳሁ፣ ማንም ሳያግዘኝ በእንግሊዝኛ ሁለት ገጽ አቤቱታ ለክሊኒኩ ኃላፊና ለኢንሹራንሱ ጻፍኩ። ለወራት የጠፋው ፈቃድ በሦስት ቀን መጣ፤ ኃላፊውም ደውለው ይቅርታ ጠየቁኝ። መርፌውን እንደገና ጀመርኩ፤ ሌትሮዞሉን ስጨርስም በዘፈቀደ አልተቋረጠም፤ የመጨረሻው ስድስት ወር ሲሞላ ዞሌድሮኒክ አሲድ የተባለ ሌላ የአጥንት መድኃኒት በደም ሥር ተሰጥቶኝ አጥንቴ ሳይፈርስ ተሸጋገርኩ። ዛሬ በሁለት እግሬ ቆሜ እንጀራዬን እጋግራለሁ።

ስለዚህ እህቴ፣ ለሙከራም ሆነ ለአጥንት ክንድዎን ከመስጠትዎ በፊት ሐኪምዎን ስንት ጊዜ እንደሚወስዱት፣ መቼ እንደሚያቆሙት፣ ሲያቆሙ በምን እንደሚተካ ይጠይቁና መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ። በየስድስት ወሩ የሚወስዱ ከሆነም የኢንሹራንሱን ፈቃድ ቀኑ ከመድረሱ ከሁለት ወር በፊት ማሳደድ ይጀምሩ፤ ያነጋገሩዎትን ሠራተኛ ስምና ሰዓትም በየጊዜው ይመዝግቡ።