«በሽታ የለም፤ ከጠበል ሊያርቋችሁ ነው» የሚለውን ልመን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ለፍልሰታ እናቴን ይዤ ጠበል ልሄድ ነው። ጤና ጣቢያው «አተት (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) ገብቷል፤ ውኃ አክማችሁ ጠጡ፣ እጃችሁን ታጠቡ» ይላል። በቴሌግራም ደግሞ «በሽታ የለም፤ ከጠበል ሊያርቋችሁ ነው። ለማንኛውም ፌጦ በሎሚ ጠጡ፤ ለ12 ሰው ላኩ» የሚል ደረሰኝ። ብጠነቀቅ እምነት ማጣት ይሆንብኛል?

መልስ፦ አይሆንብሽም እኅቴ። ሰይጣን ጌታችንን ከቤተ መቅደስ ጫፍ አቁሞ «ራስህን ወርውር፤ መላእክት ያነሡሃል» ሲለው፣ «ጌታ አምላክህን አትፈታተነው» ብሎ ነው የመለሰለት።

አሁን ሁለቱን መልእክቶች አስተያዪ። የጤና ጣቢያው ሰው ይታወቃል፤ ነገ ሄደሽ ብትጠይቂው ታገኚዋለሽ። ምክንያቱንም ይነግርሻል። አተት ሲሉ ብዙ ጊዜ ኮሌራን ነው። ከታማሚ ዐይነ ምድር ወደ ውኃና ምግብ ይገባል። ክረምት ላይ ጎርፉ ወደ ምንጭ ያወርደዋል። ሕዝብ በዝቶ መጸዳጃ ሲያንስ ደግሞ ይብሳል።

የቴሌግራሙን ማን እንደጻፈው አይታወቅም። «በሽታ የለም» ይልና መልሶ መድኃኒት ያዛል። የሌለ በሽታ ምን መድኃኒት ይሻል? ፌጦን አልንቅም፤ የእናቶቻችን ነው። የሚያሳዝነኝ ተቅማጥ የያዘው ሰው እሱን ተማምኖ ቤቱ ሲቀር ነው። ኮሌራ ከበረታ በሰዓታት ውስጥ ይገድላል። የወጣው ፈሳሽ ቶሎ ከተተካ ግን አብዛኛው ሰው ይድናል።

ጠበሉ ቅዱስ ነው። ቅዱስ ስለሆነም በንጽሕና ይያዛል። ካህናቱ ኅብስቱ በሚዘጋጅበት ቤት፣ በቤተልሔም፣ ለመሥዋዕቱ ምን ያህል እንደሚጠነቀቁ ታውቂያለሽ። ታዲያ ምንጩን ከጎርፍና ከመጸዳጃ መጠበቅ፣ መቶ ሰው የሚቀባበለውን ጣሳ መተው ምኑ ነው ክህደት? በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ኤች አይ ቪ ያለባቸው ምእመናን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በአደባባይ መክረዋል። ያኔ «ጠበል ከጀመርክ ክኒኑን ጣል» ሲባሉ የነበሩ ብዙዎች ነበሩ።

እናም ሂዱ። የየራሳችሁን ኩባያ፣ ሳሙና፣ ውኃ ማከሚያውን ውኃ አጋርና የወጣ ፈሳሽ የሚተካውን ኦ አር ኤስ ጥቂት ፓኬት ያዙ። ያንን መልእክት ለማንም አትላኪ፤ ከተጠራጠርሽ ወደ ጤና ሚኒስቴር መስመር 952 ደውለሽ ጠይቂ። እናትሽን ተቅማጥ ከጀመራቸው ሱባኤው እስኪያልቅ አትጠብቂ። ኦ አር ኤሱን እያጠጣሽ ወዲያውኑ ጤና ጣቢያ አድርሻቸው።