ስቶሪ ጌም ከየት ልጀምር ላልከው የማርቆስ ልጅ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ትናንት ማታ አየሁት። ከሥሩ የተሰጡህን መልሶችም አነበብኳቸው። አብዛኞቹ የጌም ስም ጽፈው ሄደዋል። እኔ በዚህ ነገር የተቃጠልኩ ሰው ስለሆንኩ ረዘም አድርጌ ልጻፍልህ።

ያልከው ይህን ነው። ደብረ ማርቆስ ነህ፣ ያገለገለ ፒኤስ ፎር (ፕሌይስቴሽን 4) ገዝተሃል፣ ኳስ ሰልችቶህ ታሪክ ያለው ጌም መጀመር ፈልገሃል፣ ጓደኞችህ ግን አልተስማሙም። አንዱ «ዘ ላስት ኦፍ አስ» ጀምር ይልሃል። ሌላው እሱ ፊልም እንጂ ጌም አይደለም ይልሃል። ሦስተኛው ከ«ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2» ሌላ ጌም አለ ብሎ አያምንም። የቱ ነው ልክ? ከየትስ ልጀምር?

እኔ የፍኖተ ሰላም ልጅ ነኝ፣ ያለህበትን አውቀዋለሁ። እዚህም ፕሌይስቴሽን ቤት ገብተህ ታሪክ ያለው ጌም ክፈቱልኝ ብትል የሚሰማህ የለም። ሒሳቡ በጨዋታ ነው፣ ተራ የሚጠብቅ ሰው ከኋላህ ቆሟል፣ አንተ ደግሞ ገጸ ባሕርያቱ ሲያወሩ ቁጭ ብለህ ልትሰማ ነው። የራስህን ማሽን መግዛትህ ትልቁን ጣጣ ጨርሶልሃል። የቀረውን በቁጥር ላስቀምጥልህ። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።

1. ጌሙን ያልጨረሰ ሰው የሚሰጥህን አስተያየት አትቀበል።

የመጀመሪያው «ዘ ላስት ኦፍ አስ» በ2013 ሲወጣ የሚጠላው ሰው ማግኘት ይከብድ ነበር። ሁለተኛው በ2020 ወጣና አድናቂውን ለሁለት ከፈለው። ገና በወጣበት ቀን በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ለጌም ነጥብ የሚሰጥበት ሜታክሪቲክ የሚባል ድረ ገጽ ላይ ገብተው ነጥቡን መሬት አወረዱት። ጌሙ ግን ለመጨረስ ከ20 ሰዓት በላይ ይፈጃል። መቼ ተጫውተው ጨረሱት? ታሪኩ ከመውጣቱ በፊት ሾልኮ ስለነበር ብዙዎቹ የጠሉት ያነበቡትን ይመስለኛል። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች የሚባለው ይህ ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ደግሞ ያው ጌም «ጌም አዋርድስ» በሚባለው የጌም ሽልማት የዓመቱ ምርጥ ተባለ።

እኔ ሁለቱንም ጨርሻለሁ። ሁለተኛው ከባድ ነው። አንዳንድ ቦታ ጆይስቲኩን አስቀምጬ ውጪ ወጥቼ ንፋስ ተቀብያለሁ። ግን የሚያናድድህ ጌሙ ስለተበላሸ አይደለም። ማድረግ የማትፈልገውን ነገር በገዛ እጅህ ስለሚያስደርግህ ነው። ይህ ዩቲዩብ ላይ አይታይም። ጓደኞችህን አንድ ነገር ብቻ ጠይቃቸው፤ ጨርሳችሁታል ወይ? በላቸው።

2. ዲስክ ከመግዛትህ በፊት ሽፋኑን ከፍተህ ቁጠር።

ይህችን ልዘርዝራት፣ ምክንያቱም አንተም እዚያው ልትገባ ነው። «ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2» ለፒኤስ ፎር የሚመጣው በሁለት ዲስክ ነው። አንዱ ዳታ ዲስክ ይባላል። መጀመሪያ እሱ ይገባና ጌሙን ማሽኑ ላይ ይጭናል። ሁለተኛው ፕሌይ ዲስክ ነው። ከተጫነ በኋላ ለመጫወት የሚያስፈልግህ እሱ ብቻ ነው። ዳታ ዲስኩ ሳይጫን ግን ፕሌይ ዲስኩ ብቻውን ምንም አይሠራልህም።

ጌሙን ፍለጋ ባሕር ዳር ድረስ ሄድኩ። በቡሬ፣ በእንጅባራ፣ በዳንግላ አድርጌ፣ ሚኒባስ ውስጥ ተጨናንቄ። የሱቁን ስም አልጠራም። ሻጩ ከሽፋኑ ውስጥ አንድ ዲስክ አውጥቶ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገና ወደ መብራቱ አዙሮ አሳየኝ። ጭረት የለውም፣ እንደ አዲስ ነው አለኝ። ሌላ የሚያስፈልገው ነገር አለ ወይ ብዬ ጠይቄዋለሁ። «አስገብተህ መጫወት ነው» አለኝ። ከፍዬ ወጣሁ።

ቤት ገብቼ ሳስገባው ማሽኑ ዳታ ዲስክ አስገባ ይለኛል። የምን ዳታ ዲስክ? ሽፋኑን ብከፍተው የሁለተኛው ዲስክ ቦታ ባዶውን ነው።

ደወልኩለት፣ አላነሳም። በሌላ ቁጥር ስደውል አነሳና «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው። ከሥራ አስፈቅጄ ተመልሼ ሄድኩ። እዚያም ሌላ ደንበኛ ባለበት «ከየወረዳው እየመጡ ያስቸግሩናል» አለ። ብሩ ይቅር። ይህች ንግግሩ ግን እስካሁን ታንገበግበኛለች። ወረዳ የሚኖር ሰው ጌም አያውቅም ያለው ማነው? እኔ አልጮህኩም። ሽፋኑን ባንኮኒው ላይ ዘርግቼ፣ ባዶውን ቦታ በጣቴ እያሳየሁ፣ የዳታና የፕሌይ ዲስኩን ነገር ሱቁ ውስጥ ላሉት ሁሉ አስረዳሁ። አንድ ልጅ ሊገዛ የያዘውን ዲስክ መልሶ አስቀምጦ ወጣ። ብሬ አልተመለሰልኝም። የልቤን ግን ተናግሬ ወጥቻለሁ።

መፍትሔው የተገኘው ከዳንግላ ነው። ጌሙን ጨርሶ ያስቀመጠ ልጅ ዳታ ዲስኩን አዋሰኝ። እሱ ለመጫን ብቻ ስለሆነ የሚያገለግለው፣ ጭኜ መለስኩለት። አንተም እንዲህ ከገጠመህ አዲስ ልግዛ አትበል፣ ያለው ሰው ፈልግ። ማሽንህ ላይ ደግሞ ወደ 100 ጊጋባይት ባዶ ቦታ አዘጋጅ። 500 ከሆነና ኳሶቹ ከሞሉት ማጥፋት ይኖርብሃል።

ሳልረሳው፣ በክፍል በክፍል የሚሸጡ ጌሞች አሉ። ሽፋናቸው ላይ «ሲዝን ፓስ ዲስክ» የሚል ካየህ አትንካው። ዲስኩ ላይ ያለው የመጀመሪያው ክፍል ነው፣ ቀሪውን ከኢንተርኔት አውርድ ይልሃል። እኛ አካባቢ የኢንተርኔትን ነገር አንተም ታውቀዋለህ። በተቋረጠበት ጊዜ እኔን ያቆየኝ በዲስክ የሚሠራና ኔት የማይጠይቅ ጌም ነው።

3. የቋንቋውን ነገር አትናቅ።

እዚህ ግሩፕ ላይ ማንም የማያነሳው ይህ ነው። እኛ የምንጫወተው በእንግሊዝኛ ነው። ታሪኩ ካልገባህ ስቶሪ ጌም አይደለም፣ መሮጥና መተኮስ ነው። ሰብታይትሉን (ንግግሩን ከሥር የሚጽፈውን) ከመጀመሪያው ክፈተው፣ ፊደሉንም አተልቀው። ብዙ ሰው የሚያወራለት «ዲስኮ ኢሊዚየም» ድንቅ ጌም ነው። ግን ከ1 ሚሊዮን ቃላት በላይ የሚነበብ ነገር አለው። ለመጀመሪያ ጊዜ አትግባበት።

ለዚህ ነው «ብራዘርስ፦ ኤ ቴል ኦፍ ቱ ሰንስ» ጀምር የምልህ። የ2013 ጌም ነው። የሠራው ሊባኖስ ተወልዶ ስዊድን ያደገው ጆሴፍ ፋሬስ ነው። ሰውየው ከዚያ በፊት ፊልም ሠሪ ነበር። ገጸ ባሕርያቱ የሚያወሩት የትም አገር የሌለ፣ ለጌሙ የተፈጠረ ቋንቋ ነው። ስለዚህ የሎንዶኑም የማርቆሱም ልጅ እኩል ነው። የጆይስቲኩ የግራ አናሎግ (በአውራ ጣት የሚገፋው ዱላ) ታላቅየውን ያስኬዳል፣ የቀኙ ታናሽየውን። አባታቸው ታሟል። በጋሪ እየገፉ ሐኪሙ ቤት ያደርሱታል፣ ከዚያ ከሩቅ ቦታ የሚፈውስ ውኃ ሊያመጡ ይነሳሉ።

እናቴ ያን ጊዜ እዚያው ክፍል ጥጥ ትፈትል ነበር። ስጫወት አይታ አታውቅም፣ ድምፁን ቀንስ ከማለት በቀር። ልጆቹ ጋሪውን ሲገፉ እንዝርቷን አቆመች። «ምን ሆኖባቸው ነው ሰውየው?» አለች። ታሟል አልኳት። ውኃ ፍለጋ ሲወጡ ደግሞ «ጸበል ነው?» አለች። አዎ አልኳት። ከዚያ ወዲያ ምንም ማስረዳት አላስፈለገኝም። ታናሽየው ውኃ ይፈራል፣ እናቱ የሞተችው ውኃ ውስጥ ነው። ወንዝ ሲሻገሩ ታላቁ ጀርባ ላይ ተጣብቆ ነው የሚያልፈው። እናቴ ያን ስታይ «አይዞህ፣ አጥብቀህ ያዝ» ትለው ነበር። እንግሊዝኛ አንድ ቃል አትሰማም። ታሪኩን ግን አብዛኛው የጌም ሰው ከሚረዳው በላይ ተረድታዋለች።

መጨረሻው አካባቢ አንድ ቁልፍ ትጫናለህ። የትኛውን እንደሆነ አልነግርህም። ጌሙም አይነግርህም። ጣትህ ራሱ ሲደርስበት የሚሰማህን ነገር ፊልም ሊሰጥህ አይችልም። ፊልም ነው እንጂ ጌም አይደለም ለሚለው ጓደኛህ የምሰጠው መልስ ይኸው ነው። ልጆች ሆነን ተረት ሲነገረን «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ካላልን ተራኪው አይቀጥልም ነበር። ስቶሪ ጌምም ያንተን መልስ ይጠብቃል። ካልመለስክለት ቆሞ ይቀራል። የሚቆጠረው ስንት ሰው ገደልክ አይደለም፣ እጅህ የታሪኩ አካል ሆነ ወይስ አልሆነም ነው።

አራተኛ ብዬ ታሪኩ ወዴት እንደሚሄድ አንተ ስለምትመርጥባቸው ጌሞች ልጽፍ ነበር። እሱ ላይ ግን ከብዙ ሰው ጋር ስለተጣላሁ በቁጥር አይያዝልኝም። ቴልቴል የሚባለው ድርጅት የሠራው «ዘ ዎኪንግ ዴድ» በ2012 ሲወጣ፣ ምርጫህ ታሪኩን ይቀይረዋል ተብሎ ነው የመጣው። የተጫወቱት በኋላ አወቁ፤ የቱንም ብትመርጥ መንገዱ ተመልሶ ይገናኛል። ተታለልን ያሉ አሉ። እኔ አልተታለልኩም። አንዲት ትንሽ ልጅ አጠገብህ ቆማ የምትናገረውን ሁሉ ትሰማለች። ፊት ለፊቷ መዋሸት ይከብድሃል። መጨረሻው አንድ ቢሆንም አንተ ማን ሆነህ እንደደረስክ ይለያያል። መንገዱ በእውነት እንዲለያይልህ ከፈለግክ የ2018ቱን «ዲትሮይት፦ ቢካም ሂዩማን» ያዝ። በየምዕራፉ መጨረሻ ያልሄድክበትን መንገድ ሁሉ በካርታ ያሳይሃል። ለኔ ግን ያ ካርታ ስሜቱን ይሰብረዋል። ያለቀስክበት ቦታ ላይ ሌላ አማራጭ ነበረ ብሎ ሥዕል ሲያወጣልህ ሐዘኑ ይበርዳል።

የአድናቂ ጩኸት ዋጋ የለውም እያልኩህ አይደለም። በ2012 «ማስ ኢፌክት 3» መጨረሻው አላረካንም ብለው ተጫዋቾቹ ስለጮሁ ድርጅቱ በዚያው ዓመት የተስፋፋ መጨረሻ ሠርቶ በነፃ ሰጥቷል። እነዚያ ግን ተጫውተው ጨርሰው የጮሁ ናቸው።

«ሬድ ዴድ 2» ይዘገያል የሚሉህም አሉ። እውነት ነው፣ አጀማመሩ በበረዶ ተራራ ላይ ነው፣ ቶሎ አይለቅህም። ፈረስህን ትመግበዋለህ፣ ትቦርሸዋለህ፣ ታባብለዋለህ፣ ቀስ በቀስ ይለምድሃል። ይህን አሰልቺ የሚል ሰው ጥር 23 እንጅባራ ሄዶ የአገው ፈረሰኞችን ይይ። ፈረሱን ለማስጌጥ የሚፈጀውን ጊዜ ይይ። ለኛ አካባቢ ሰው ከፈረስ ጋር የሚያልፍ ሰዓት ባከነ አይባልም። የጌሙን ዋና ገጸ ባሕርይ አርተር ሞርጋንን የወደድኩት ከተኩሱ ይልቅ በዚያ ዝግታ ውስጥ ነው። ግን ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ አድርገው። በእሱ ከጀመርክ ግማሽ ላይ ትተወዋለህ፣ ከዚያ ስቶሪ ጌም አልወድም ብለህ ትቀራለህ። በዚህ መንገድ የጠፉ ጓደኞች አሉኝ።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ልንገርህ። መጀመሪያ «ብራዘርስ»፣ ሦስት ሰዓት ያህል ነው የሚፈጀው፣ በሁለት ማታ ታልቃለች። ቀጥሎ «ፋየርዋች»። በ1989 ዋዮሚንግ ጫካ ውስጥ እሳት የሚጠብቅ ሰው ነው። ከአለቃው ጋር በሬድዮ ብቻ ይገናኛል። ውጊያ የለውም። መራመድ ብቻ ነው እያሉ የሚያጣጥሉት አሉ፣ አትስማቸው። ከዚያ የመጀመሪያው «ዘ ላስት ኦፍ አስ»፣ ለፒኤስ ፎር ሪማስተርድ (ታድሶ የወጣ) የሚለውን ፈልግ። ከዚያ ፈረስህን ጫን፣ «ሬድ ዴድ 2»ን ማለቴ ነው። መብራት ሲሄድ ያልተመዘገበው ይጠፋብሃል፣ ስለዚህ ሴቭ የማድረጊያ ቦታ ባገኘህ ቁጥር ሴቭ አድርግ።

«ብራዘርስ» ዲስኩ እኔ ጋ አለ። እሱ በአንድ ዲስክ ነው የሚመጣው። ወደ ማርቆስ የሚሄድ ሰው ሳገኝ እልክልሃለሁ፣ ውስጥ መስመር ስልክህን ጻፍልኝ። «ፋየርዋችን» ስትጨርስ ደግሞ እዚሁ ተመለስና ስለ መጨረሻው ያሰብከውን ጻፍ። እኔ መጨረሻው ልክ ነው ከሚሉት ወገን ነኝ። እዚህ ግሩፕ ውስጥ አብዛኛው ሰው ከእኔ ጋር አይስማማም።