ለልጅሽ ሰርግ ሽበትሽን ከመቀባትሽ በፊት

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ትናንት ማታ ካነበብኩ ጀምሮ ከሐሳቤ አልወጣ አለኝ። «57 ዓመቴ ነው፤ ጥር ላይ ልጄን እድራለሁ። ሽበቴን ልቀባው ወይስ ልተወው? ፒያሳ ወይም አራት ኪሎ አካባቢ ጎበዝ ፀጉር ሠሪ ጠቁሙኝ። ምን ብለብስስ ያምርብኛል?» ነው ያልሽው። የመለሱልሽ ሁሉ የቀለም ስም ጠቁመውሻል። ቀለሙ ቆዳ ላይ ተሞክሮ ስለሚጠበቀው 48 ሰዓት የነገረሽ ግን አንድም ሰው የለም። እኔ እሱን ባለማወቄ የልጄን ሰርግ በጥቁር መነጽር ነው ያሳለፍኩት። አንቺም ላይ እንዳይደርስ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

አንደኛ። ቀለሙ ራስሽ ላይ ከመውጣቱ በፊት ከጆሮሽ ጀርባ ወይም ክንድሽ መታጠፊያ ላይ ይሞከር። የምስር ፍሬ የምታክል ይበቃል። እንዴት እንደሚሞከር ሳጥኑ ውስጥ ያለው ወረቀት ላይ ተጽፏል። ከዚያ 48 ሰዓት ጠብቂ። ካሳከከሽ፣ ከቀላ ወይም ካበጠ ያ ቀለም አናትሽን አይንካ። ከዚህ በፊት ቀለም አሳብጦሽ የሚያውቅ ከሆነ ደግሞ ሙከራውንም ተይው፤ መጀመሪያ የቆዳ ሐኪም ጋ ሂጂ። «እኔ እኮ ስቀባ ኖሬያለሁ» እንዳትዪ። እኔም እንደዚያ ብዬ ነው።

ከ50 ዓመቴ ጀምሮ በየስድስት ሳምንቱ ጥቁር እቀባ ነበር። ምንም ሆኜ አላውቅም። በመጨረሻዎቹ ሁለት ጊዜያት ብቻ አናቴን አሳከከኝ። ድርቀት ነው ብዬ ለጋ ቅቤ ተቀባሁበት። ሰውነቴ እየነገረኝ ነበር፤ አልሰማሁትም።

የዛሬ ሦስት ዓመት ጥር ላይ የመጀመሪያ ልጄ ሰርግ እሑድ ዋለ። ረቡዕ ከሰዓት ፒያሳ ፀጉሬን ወደምሠራበት ቤት ሄድኩ። የለመድኩት ቀለም አልቋል አሉኝ። «ይሄኛው ይበልጣል ማዘር፣ አሞኒያ የለውም፣ ተፈጥሯዊ ነው» አለችኝ ልጅቷ። አሞኒያ ያ አፍንጫ የሚሰረስረው ሽታ ነው። ሽታ ከሌለው ጉዳትም የለውም ብዬ አመንኩ። ሳጥኑን አሳዩኝ አላልኩም። ቀለሙ በሳህን ተበጥብጦ መጣ፤ ሳጥኑ ቆሻሻ ውስጥ ገብቷል። ተቀባሁ፣ ታጠብኩ፣ በቢጎዲን ተጠቅልዬ ካስክ ውስጥ ገባሁ። ስወጣ አምሮብኝ ነበር፤ አልዋሽሽም።

ማታ አናቴ ይበላኝ ጀመር። ሐሙስ ግንባሬና ጆሮዬ ቀላ፤ ከፀጉሬ ሥር ውኃ የመሰለ ነገር ይወርዳል። ዓርብ ጠዋት ስነቃ ዓይኔ አልከፈት አለኝ። ቤቱ በእንግዳ ተሞልቷል፤ ዶሮ እየተገነጠለ፣ ሽንኩርት እየተከተፈ ነው። ጎረቤቶቼ «ምች ነው» ብለው ዳማከሴ ጨምቀው ፊቴን አሹኝ። ለጉንፋን ዳማከሴ እኔም ቤት አይጠፋም። በቆሰለ ቆዳ ላይ ግን እሳት ነው የሆነብኝ። እባክሽ ማንም መጥቶ ቅጠልም፣ ቅቤም፣ ሎሚም እንዲያደርግብሽ አትፍቀጂ። ንጹሕ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውኃ ነክረሽ አድርጊበትና ወደ ሐኪም ሂጂ። ከንፈርሽ ወይም ምላስሽ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረሽ ለደቂቃም አትቆዪ፤ ድንገተኛ ክፍል ነው የሚኬደው።

የቆዳ ሐኪሟ ገና ስታየኝ «መቼ ተቀቡ?» አለችኝ። ምን በሉ አላለችም። ያስረዳችኝን እንዳለ ልንገርሽ፤ ከሌሎቹ መልሶች ሁሉ ይህ ይበልጥልሻል። ብዙው ጥቁር ቀለም ውስጥ ፓራፌኒሌንዳያሚን የሚባል ኬሚካል አለ፤ ሐኪሞቹ ፒፒዲ ይሉታል። ፀጉርን በቋሚነት የሚያጠቁረው እሱ ነው። አሞኒያ ሌላ፣ ፒፒዲ ሌላ። አሞኒያ የሌለው ቀለም ፒፒዲ ሊኖረው ይችላል። አውሮፓ ውስጥ ፀጉር ላይ ሲወጣ ከ2 በመቶ እንዳይበልጥ ሕግ አለው። ሰውነት ለዓመታት ችሎት ኖሮ አንድ ቀን ሊጠላው ይችላል። አንዴ ከጠላው ደግሞ ዕድሜ ልክ አይረሳውም፤ በሚቀጥለው ጊዜ ይብሳል። እብጠቱ ብዙ ጊዜ ወዲያው አይመጣም። ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ሊቆይ ስለሚችል ሰው ምግብን ወይም ምችን ይጠረጥራል።

ሂናም እንዲሁ ነው። ንጹሕ ሂና የሚሰጠው ቀለም ቀይ ወይም ብርቱካንማ ነው። በደቂቃ ጥቁር የሚያደርግ «ሂና» ካቀረቡልሽ ውስጡ ሌላ ነገር አለ፤ ብዙ ጊዜ ያው ፒፒዲ ነው። ሙሽራዋ ቤት እጅሽን ማሳመር ካማረሽ የእናቶቻችን እንሶስላ አለልሽ። ሥሩ ተወቅጦ ሲታሰር የሚያወጣው ያ ቀይ ለእኛ ዕድሜ እጅ እንዴት እንደሚያምር! ጥቁር ዱቄት ግን አይቀላቀልበት።

ለካርድ፣ ለመድኃኒት፣ ለመመላለሻ ከ9,000 ብር በላይ ወጣብኝ። የሚዋጥም የሚቀባም ሰጥተውኝ እሑድ ዓይኔ በግማሽ ተከፈተ። ሰርጉ ላይ መነጽር አድርጌ፣ ነጠላዬን ግንባሬ ድረስ ስቤ ተቀመጥኩ። ልጄ ጉልበቴን ሊስም ሲጎነበስ ቀና ብሎ ፊቴን ፈለገ። ያገኘው መነጽሬን ነው። ቪዲዮው ላይ ያችን ቦታ እስከ ዛሬ አላያትም፤ ዘልዬ ነው የማልፋት።

ከሰርጉ በኋላ ፀጉር ቤቱ ሄድኩ። ገንዘቤን መልሱ ለማለት አልነበረም፤ የቀለሙን ስም ለሐኪሟ ልወስድላት ነው። ባለቤቷ ሰው ፊት «ማዘር፣ የዕድሜ ጉዳይ ነው፤ ሌላው ደንበኛ ምንም አልሆነም» አለችኝ። የዕድሜ ጉዳይ! አሥር ዓመት ገንዘቤን ስትቀበል ዕድሜዬ አልታያትም። ስሙንም አልነገረችኝም። በዚያው ሳምንት መታወቂያ ለማሳደስ አንድ መሥሪያ ቤት ቀጠሮ ነበረኝ። መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ ፊቴን አይቶ፣ ፎቶውን አይቶ፣ ወደ ጓደኛው ዞሮ ሳቀ። «ማዘር፣ ሲሻልዎት ይምጡ» ብሎ ወረቀቴን ገፋው። እናቱ እሆናለሁ። እህቴ፣ ከ55 በኋላ ሴት ስለ መልኳ ስትጠይቅ ቅንጦት የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። አንቺ ደፍረሽ በመጠየቅሽ ደስ ብሎኛል።

ስለዚህ የፀጉር ቤት ስም አልጠቁምሽም። ፒያሳም እንደምታውቂው እንደ ድሮው አይደለም፤ ሰፈሩ ሲፈርስ ብዙዎቹ ቦታ ቀይረዋል። የትም ሂጂ፤ ሳጥኑን ራስሽ ገዝተሽ ሂጂ ወይም ሳይከፈት አሳዩኝ በይ። «ጊዜ የለንም፣ ሙከራ አያስፈልግም» ካሉሽ ቦርሳሽን ይዘሽ ውጪ። ሪላክሰርና ቀለምም በአንድ ቀን አይሆኑም፤ ቢያንስ ሁለት ሳምንት አራርቂያቸው። ቀለሙን ከሰርጉ ሁለት ሳምንት ቀድመሽ ጨርሺ።

ሁለተኛ፣ ልብሱ። ሽሮ ሜዳ አሁኑኑ ሂጂ። ጥር የሰርግ ወር ነው፤ ታኅሣሥ ላይ ሸማኔውም ሰፊውም ፋታ የለውም። የእጅ ፈትል ይሁንልሽ። ሽፎኑ ፎቶ ላይ ያምራል፤ ግን ማረጥ ያለፍን ሰዎች ድንገት ሙቀት ሲለቅብን ውስጡ እንቀቀላለን። ጥጥ ያስተነፍሳል። ስትለኪ የሰርጉን ቀን ጡት መያዣና ጫማ አድርገሽ ተለኪ። እኔ በነጠላ ጫማ ተለክቼ ቀሚሱ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ቀርቷል። እጅጌው ከክርን ይለፍ። ጥበቡን ቀጭን አድርገሽ ወደ አንገት ካመጣሽው ፊትን ያበራል። ሰፊው «ለትልቅ ሰው ሰፋ ይበል» ብሎ ድንኳን እንዳይሰፋልሽ፤ ትከሻው ልክ ይሁን።

ሦስተኛ ፊት ነው፤ እሱን ባጭሩ። የሚያነጣ ክሬም ከማንም እንዳትቀበዪ፤ ብዙዎቹ ውስጥ ስቴሮይድ አለ፣ ቆዳ ያሳሳል። በእኛ ዕድሜ ቆዳው በራሱም ይሳሳል። የምትገዢው አንድ ነገር ቢሆን የፀሐይ መከላከያ ክሬም ይሁን፤ ቁጥሩ 30 ወይም ከዚያ በላይ። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ጎጂው ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ የጥር ብርድ አያታልልሽ። ፓውደር ሲበዛ መሥመር ውስጥ ይገባና ያስረጃል። መጀመሪያ ፊትሽን በደንብ አወዢው።

አራተኛ ብዬ ልጽፍ የነበረው ሽበትን ስለ መተው ነው፤ እኔ የሆንኩትን ብነግርሽ ይሻላል። ሐኪሟ ዳግም እንዳልቀባ ከለከለችኝ። ፀጉር በወር አንድ ሴንቲሜትር ገደማ ነው የሚያድገው፤ ስለዚህ አሳጥሬ ተቆረጥኩና ጠበቅኩ። የመጀመሪያዎቹ አምስት ወራት ከበዱኝ፤ ግማሹ ጥቁር፣ ግማሹ ነጭ። ሹርባ ተሠርቼ ነበር የምወጣው። እህቴ «ምነው፣ ራስሽን ጣልሽ እንዴ?» አለችኝ። ሰንበቴ ላይ ሴቶቹ ያዩኝ ነበር። በስምንተኛው ወር ግን መስታወት ፊት ቆሜ እናቴን አየኋት። ብር የመሰለ ፀጉር ነበራት፤ እኔ ለአሥር ዓመት ስደብቀው የኖርኩት እሱን ነው። አምና ሴት ልጄን ስድር በዚያ ፀጉር፣ በነጭ ፈትልና በእናቴ የወርቅ ጉትቻ ቆምኩ። ልጄ ጉልበቴን ስትስም ፊቴን አየችው። ያ ፎቶ ሳሎኔ ተሰቅሏል።

ሽበት ቶሎ ይደርቃል፤ ማታ ማታ ጫፉን ቅባት አስነኪው። ፔስትራ ሲበዛበት ቢጫ ይሆናል፤ ለሽበት የተሠራው ወይን ጠጅ ሻምፖ ያንን ያጠፋል። በሳምንት አንዴ ይበቃዋል።

መቀባቱን ከመረጥሽ አልከለክልሽም፤ ፀጉሩ ያንቺ ነው። ዓርብ ማታ ከጆሮሽ ጀርባ ሞክሪና እስከ እሑድ ማታ ጠብቂ። ሳጥኑ ላይ ያለው ጽሑፍ ካስቸገረሽ ፎቶ አንስተሽ በውስጥ መስመር ላኪልኝ። ልጄ ማታ ከሥራ ስትገባ አስነብቤ ፒፒዲ ይኑረው አይኑረው እነግርሻለሁ።