ጥያቄና መልስ፦ አያቶችን ይዞ አሜሪካ ዘመድ ጥየቃ

ጥያቄ፦ ሴት አያቴ 74፣ ወንድ አያቴ 81 ዓመታቸው ነው። ቪዛ ስለወጣልን ቨርጂኒያ ያሉትን ልጆቻቸውንና የልጅ ልጆቻቸውን ለማየት አብረን ልንሄድ ነው። እማማ ስኳር አለባቸው፣ ኢንሱሊን ይወጋሉ። አባባ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ደረጃ አይወጡም፤ ዊልቸር ሲባሉ ግን «ሽባ አደረጋችሁኝ?» ይላሉ። ሰማይ ላይ ትንፋሽ ያጥራቸው ይሆን ብለንም ሰግተናል። ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ ትንፋሹ አያስጨንቃችሁ። አውሮፕላኑ ከ10,000 ሜትር በላይ ቢበርም፣ ውስጡ የሚሞላው አየር ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው ጋር የተመጣጠነ ነው። ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ስለሆነች አያቶችዎ ከቤታቸው ያነሰ ኦክስጅን አያገኙም። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው ግን ሐኪም ሳያማክር አይሳፈር። እንዲህ ያለው ሰው ሲመለስም ይጠንቀቅ፤ ቆላ ከርሞ በአንድ ቀን ደጋ ከመውጣት አዲስ አበባ ሁለት ሦስት ቀን ማረፍ ይሻላል።

አዛውንትን የሚያደክመው ምድር ላይ ያለው ሰልፍና እግር መንገድ ነው። አባባን ያስረዱልን፦ ዊልቸሩ ለሰልፉና ለረጅሙ መተላለፊያ ነው፣ አውሮፕላኑ ውስጥ በእግራቸው ይሄዳሉ። ክፍያ የለውም። ቲኬት ሲቆርጡ፣ ቢዘገይ ከበረራው 48 ሰዓት በፊት ያስመዝግቡ። አመዘጋገቡ ሦስት ዓይነት ነው፦ ደረጃ የሚወጣ ግን ረጅም መንገድ የማይችል፣ ደረጃም የማይወጣ፣ እስከ መቀመጫው መታገዝ ያለበት። አባባ ሁለተኛው ናቸው። «ዊልቸር» ብቻ ተብሎ እንደ መጀመሪያው ከተመዘገቡ፣ አውቶቡስ አውሮፕላኑ ሥር ሲያወርዳችሁ ደረጃው ፊት ለፊታቸው ይቆማል።

ወንበር የመተላለፊያውን ዳር፣ ለመጸዳጃ ቤት የሚቀርበውን ይምረጡ። በብዙ አውሮፕላኖች በመተላለፊያው በኩል ያለው የክንድ ማሳረፊያ ከሥሩ፣ ወደ መታጠፊያው፣ ትንሽ መጫኛ አለችው። እሷን ተጭነው ወደ ላይ ሲያነሱት ጉልበት የሚያመው ሰው ወደ ጎን ዞሮ ይነሳል። አባባ በየሁለት ሰዓቱ ትንሽ ይራመዱ፤ ተቀምጠውም ተረከዛቸውንና ጣታቸውን እያፈራረቁ ያንሱ። እግር ብዙ ሰዓት ታጥፎ ሲቆይ ደም ሊረጋ ይችላል፤ የረጋው ደም ወደ ሳንባ ከሄደ ለሕይወት ያሰጋል። እግር ስለሚያብጥ የሚላላ ጫማ ያድርጉላቸው። ጋቢውም ከእጅ አይራቅ።

አንድ ነገር አስቀድመው ይንገሯቸው። ቦሌ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ አውሮፕላኑ ሙሉ ነዳጅ ይዞ ለመነሳት ስለሚከብደው ወደ ዋሽንግተን ሲሄድ መሃል ላይ አርፎ ይቀዳል። ካልነገሯቸው «ደረስን» ብለው ይነሳሉ።

ኢንሱሊን በእጅ ሻንጣ ብቻ ይያዝ፤ የጭነት ክፍሉ ውስጥ በረዶ ሊሠራና ሊበላሽ ይችላል። ከመርፌው ጋር የሐኪም ደብዳቤ ይኑር። ወደ ምዕራብ ሲበር ቀኑ በ7 ወይም በ8 ሰዓት ስለሚረዝም፣ መጠኑንና ሰዓቱን የሚከታተላቸው ሐኪም በወረቀት ይጻፍላችሁ። በግምት መውጋት ስኳር አውርዶ ይጥላል። ኪስዎ ውስጥ ከረሜላ ይኑር።

ጉዞው በጾም ከዋለ ምግቡን ከአንድ ቀን በፊት ይዘዙ። «ቬጂቴሪያን» ብቻ ካላችሁ ወተትና እንቁላል ሊኖርበት ይችላል፤ «ቪጋን» በሉ። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው በጉዞ ቀን ምግብ ሳይቀምስ መዋሉን አንደግፍም፤ የነፍስ አባታቸውን ያነጋግሩ።

ሲደርሱ አሻራ ሊጠየቁ ይችላሉ። በእርሻና በእጅ ሥራ የኖረ ጣት መስመሩ ስለሚጠፋ ማሽኑ እምቢ ይላል። ከጥቂት ቀናት በፊት ጀምሮ እጃቸውን ቫዝሊን ይቀቡ፤ ዕለቱን ግን በደንብ ይጠረግ። የሚያርፉበት ቤት አድራሻና ስልክ በእያንዳንዳቸው ኪስ ይኑር። ቪዛው ላይ ያለው የማብቂያ ቀን ለመግባት ብቻ ነው፤ እስከ መቼ መቆየት እንደሚችሉ የሚወስነው መግቢያው ላይ የሚሰጣቸው ቀን ነው። አይ-94 በሚባለው መዝገብ ኢንተርኔት ላይ ስለሚገኝ በደረሱ ማግስት ያውጡት።

ጥያቄ፦ የአያቴ የቀበሌ መታወቂያ የትውልድ ዘመናቸውን 1942 ይላል። ፓስፖርቱ 1949፣ ልጃቸው የላከው የግብዣ ደብዳቤ 1950። የትኛው ነው ልክ? ከመሐል ሜዳ

መልስ፦ ወሩን ይዩ። ታኅሣሥ 5 ቀን 1942 ዲሴምበር 14፣ 1949 ነው፤ ጥር 5 ቀን 1942 ደግሞ ጃንዋሪ 13፣ 1950። ታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ የሚደመረው ከ7 ወደ 8 ስለሚዞር ነው። ትክክለኛው የቱም ይሁን፣ ቅጹም ቲኬቱም ፓስፖርቱን መከተል አለባቸው። ፓስፖርቱ ራሱ ከተሳሳተ ቪዛ ሳይጠየቅ ይታረም፤ በኋላ ቪዛውንም እንደገና ማስወጣት ይመጣል። የስማቸውንም የላቲን ፊደል ከቲኬቱ ጋር አንድ በአንድ ያመሳክሩ።

ጥያቄ፦ ቋንጣ፣ በርበሬ፣ ጸበልና የአያቴን መቋሚያ መያዝ ይቻላል? ከደብረ ሲና

መልስ፦ ቋንጣ አሜሪካ አይገባም፤ ትኩስ ቅጠልና የሚዘራ ዘርም አይያዝ። በርበሬ፣ ሽሮና የተቆላ ቆሎ በአብዛኛው ያልፋሉ፤ ግን የያዙትን የምግብ ዓይነት ሁሉ ለተቆጣጣሪው ይናገሩ። የሚያስቀጣው መደበቅ ነው፤ የተናገሩት ዕቃ ቢከለከል ጥለውት ያልፋሉ። ጸበሉ ከ100 ሚሊ ሊትር ከበለጠ በእጅ አያልፍም፤ ክዳኑን በፕላስቲክ አጥብቀው ሻንጣ ውስጥ ያድርጉት። መቋሚያውም ከሻንጣው ጋር ይጫን፤ አያትዎ ለመራመድ የሚደገፉበት ምርኩዝ ግን ተፈትሾ አብሯቸው ይገባል።