«የታወቁት በባላቸው ስም ነው?»

ጥያቄ፦ ከጓደኛዬ ጋር ስለ ደቡብ አፍሪካ ስናወራ አልበርቲና ሲሱሉ ተነሱ። «የታወቁት የዋልተር ሲሱሉ ሚስት ስለሆኑ ነው» አለችኝ። አልተዋጠልኝም፤ ግን የምመልስላት አጣሁ። እውነት የራሳቸው ሥራ የላቸውም?

መልስ፦ እህቴ፣ እኔም ዕድሜዬን በነርስነት ያሳለፍኩ ስለሆንኩ ጥያቄሽ ልቤን ነክቶታል። የጓደኛሽ ነገር ግማሹ እውነት ነው። ወደ ፖለቲካው ያስጠጓቸው ባላቸው ዋልተር ናቸው፤ አፓርታይድን፣ ማለትም የነጮቹን የዘር መድልዎ አገዛዝ፣ ይታገሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1944 ሲጋቡ ሚዜው ራሱ ኔልሰን ማንዴላ ነበሩ።

በጆሃንስበርግ የጥቁሮች ሰፈር የሶዌቶ ሴቶች ያመኗቸው ግን በሥራቸው ነው። አዋላጅ ነርስ ነበሩ። መኪና አልነበራቸውም። ጠርሙስና ሳህን የታጨቀበትን ሻንጣ በጭንቅላታቸው ተሸክመው፣ በእግራቸው ከቤት ቤት ይዞሩ ነበር። እስቲ አስቢው! ምጥ የያዛት ሴት ልታዋልዳት የመጣችውን ነርስ «የማን ሚስት ነሽ?» አትልም። እጇን ነው የምትይዘው። የእያንዳንዱን ቤት ችግር ጓዳ ድረስ ገብተው ያዩት እንዲህ ነው።

ጥቁር ሴቶችም እንደ ወንዶቹ የይለፍ ደብተር (የጥቁሮችን እንቅስቃሴ መቆጣጠሪያ መታወቂያ) ይያዙ ሲባል፣ ኦገስት 9 ቀን 1956 ወደ 20,000 የሚጠጉ ሴቶች ፕሪቶሪያ ወደሚገኘው የመንግሥት ሕንፃ ሲተሙ እሳቸውም አብረው ነበሩ። በ1963 ያለ ክስ ለብቻቸው ታሰሩ። በዓመቱ ባላቸው ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው። ልጆቹ በእሳቸው ደመወዝ ላይ ወደቁ። በዚያ ላይ ለ17 ዓመት ገደማ ስብሰባ እንዳይገኙ፣ እንደ ልብ እንዳይንቀሳቀሱ ታገዱ። እኔን የሚያሳዝነኝ ይሄኛው ነው። እስር ቢያንስ ይታያል። እገዳ ግን ቤትሽ ተቀምጠሽ አፍሽን መለጎም ነው።

ለጓደኛሽ ግን የ1983ቱን ንገሪያት። አፓርታይድን የሚቃወሙ በመቶዎች የሚቆጠሩ ማኅበራትን ያሰባሰበው የተባበሩት ዴሞክራቲክ ግንባር ሲመሠረት፣ ከሦስቱ ፕሬዝዳንቶች አንዷ ሆነው ተመረጡ። ያኔ እሳቸው እስር ቤት ነበሩ። ባላቸውም እስር ቤት ነበሩ፤ ከተፈረደባቸው 19 ዓመት አልፏቸዋል። እስረኛን መሪ አድርጎ የመረጠ ሕዝብ ሴትዮዋን ራሷን አይቶ ነው የመረጠው ባይ ነኝ።

ዋልተር የተፈቱት በ1989 ነው። በ1994 አዲሱ ፓርላማ ሲሰበሰብ አልበርቲና የምክር ቤት አባል ሆነው ገቡ። የያኔውን ሚዜ፣ ማንዴላን፣ ለፕሬዝዳንትነት የጠቆሙትም እሳቸው ናቸው።