ሊሞት የቀረበ ሰው በሞቱ ቢቀልድ ኃጢአት ነውን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎት። ታላቅ ወንድሜ የቆሽት ካንሰር ይዞት ሐኪሞቹ ከጥቂት ወር አያልፍም ብለዋል። እሱ ግን አልጋው ላይ ሆኖ አስቂኝ ልቦለድ እየደረሰ ነው፤ እጁ ስለሚዝል እሱ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ። ባለታሪኩም ሊሞት የቀረበ ሰውዬ ነው። ዕድሜ ልኩን መዋጮ ከፍሎ የማያውቅ ሰው አሁን ተሯሩጦ እድር ልግባ ብሎ ከዳኛው ጋር ይሟገታል። አርባው ዐቢይ ጾም ላይ እንዳይውል በጣቱ ይቆጥራል፤ «አገሩ ሁሉ ለእኔ ተዝካር መጥቶ ሽሮ በልቶ ሊሄድ ነው» ብሎ ይብሰከሰካል። እየጻፍን እንስቃለን። አክስቴ ሰምተው «በሞት ይቀለዳል? ያውም ንስሐ በሚገባበት ሰዓት!» ብለው ተቆጡ፤ «እናንተ አሁን የምትስቁ፥ ወዮላችሁ» የሚለውን ሉቃስ 6፥25ንም አነበቡልኝ። መጻፉን ልተው?

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር ወንድምሽን ይማርልሽ። የንስሐውንና የቁርባኑን ሥርዓት አንቺም አክስትሽም ስለምታውቁት አልደግመውም። እኔ የማነሣው በብዙ ሕሙማን ቤት የገጠመኝን ነው፤ ፊት ማጥቆር ፈሪሃ እግዚአብሔር ይመስለናል።

አንድ ጊዜ ታማሚ ልጠይቅ ሄድኩ። ሚስትየው በር ላይ ይዛኝ «መምህር አደራ፣ ጨጓራ ነው ብለነዋል» አለችኝ። ገብቼ ተቀመጥኩ። ሰውየው ቡና ልታቀራርብ እስክትወጣ ጠብቆ ድምፁን ዝቅ አደረገና «አደራዎን እንዳይነግሯት፤ እሷ ጨጓራ ነው የሚመስላት» አለኝ። ሁለቱም ለየብቻ ሲያለቅሱ ከረሙ፤ አንድ ቀን አብረው አላለቀሱም። ካህን ከመጣ ቁርጡን ያውቃል ተብሎ ካህን ሳይጠራ ቆየ። በተጠራ ጊዜ የሰውየው አንደበት ተይዞ ነበር። በዚያ ቤት ማንም አልሳቀም። ንስሐም የገባ የለም።

በእናንተ ቤት ሞትን በስሙ የጠራው ወንድምሽ ነው። አርባውን በጣቱ የሚቆጥር ሰው መሞቱን ረስቷል ማለት እንዴት ይቻላል?

አክስትሽ ያነበቡት ቃል እውነት ነው። ግን ትንሽ ከፍ ብለው ቢያነቡ፣ ቁጥር 21 ላይ «እናንተ አሁን የምታለቅሱ፥ ብፁዓን ናችሁ፥ ትስቃላችሁና» ይላል። ሳቅ ራሱ ክፉ ቢሆን ጌታ ተስፋ አድርጎ ይሰጠን ነበር? ወዮታው የጠገቡትን፣ ሌላው እየተራበ የሚስቁትን ነው። ሌሊት በሕመም ሲገላበጥ አድሮ ጠዋት እኅቱን የሚያስቅ ሰው ከእነዚያ ወገን አይደለም። የይስሐቅ ስም ትርጉሙ ምን እንደሆነም ለአክስትሽ አስታውሺያቸው፤ «እግዚአብሔር ሳቅ አደረገልኝ» ያለችው ሣራ ናት።

ደግሞ ሆሣዕና ዕለት የሚሆነውን አስቢው። በሰሙነ ሕማማት ፍትሐት ስለማይደረግ በዚያ ሳምንት ለሚያርፉት ሁሉ ቀድሞ ይጸለያል። ማን እንደሚያርፍ የሚያውቅ የለምና ሁላችንም በቁማችን ፍትሐታችንን እንሰማለን። ሕፃናቱ ያን ጊዜ ምን ይሠራሉ? ዘንባባውን ጠምዝዘው ቀለበት ያበጃሉ፣ የኔ ይበልጣል የኔ ይበልጣል ይባባላሉ፤ እኛም ግንባራችን ላይ አስረን ወደ ቤት እንሄዳለን። ወንድምሽም የሚያደርገው ከዚህ ብዙ የራቀ አይመስለኝም፤ ፍትሐቱን ቀድሞ ሰምቶ ዘንባባውን እየጠመዘዘ ነው።

ታላቁ አባ እንጦንስም ከወንድሞች ጋር ሲጫወቱ አንድ አዳኝ አይቷቸው ተሰናከለ። «ቀስትህን ሳብ» አሉት፤ ሳበ። «ጨምር» አሉት፤ ጨመረ። «አሁንም ጨምር» ሲሉት «ከልክ ካለፈማ ይሰበራል» አለ። ወንድሞችም እንዲሁ ናቸው አሉት። ይህን ያሉት በበረሃ ለሚጋደሉ መነኮሳት ነው፤ ሥጋው ያለቀ ሕመምተኛማ ምን ይባል?

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እነግርሻለሁ። ቀልድ መሸሸጊያም ይሆናል። የንስሐ አባታችሁ ሲመጡ ወንድምሽ ጨዋታውን ገታ አድርጎ ልቡን ይከፍታል? ወይስ እሳቸውንም አስቆ ይሸኛቸዋል? ወደ ልብ የሚገባ ጥያቄ በተነሣ ቁጥር ቀልድ የሚመዝ ከሆነ፣ ቅዱስ ጳውሎስ በኤፌሶን 5፥4 ዋዛ ብሎ የከለከለው ያን ነው። የተቀየመው ሰው ካለ፣ ያልመለሰው የሰው ገንዘብ ካለ፣ ባለታሪኩ ላይ አላክኮ እንዳያልፍ። በራሱ አንደበት ይናገረው። ስለዚህ ካህኑን በዚህ ሳምንት ጥሪያቸው፤ ይሻለዋል ወይም ይብስበታል ብለሽ አትጠብቂ። ለታመመ ሰው ተጸልዮ ዘይት የሚቀባበትን የቀንዲሉንም ጸሎት ጠይቂያቸው። ቀንዲል የመሰናበቻ ነው የሚለውን ወሬ ከየት እንዳመጣነው አላውቅም፤ ያዕቆብ 5፥14 «የታመመ ማንም ቢኖር» አለ እንጂ የሚሞት ቢኖር አላለም። የሕመም ማስታገሻውንም «ሥቃዩ ለነፍሱ ይጠቅመዋል» ብሎ የሚያስቀር ዘመድ ቢመጣ አትስሚው።

አክስትሽን አትቀየሚያቸው። ፈርተው ነው፤ የሚፈራ ሰው ደግሞ ጥቅስ ይመዛል፣ እኔም ብዙ ጊዜ አድርጌዋለሁ። አጠገብሽ አስቀምጪያቸውና የእድሩን ምዕራፍ አንብቢላቸው።

መጻፉን አትተዪ። ለወንድምሽ ግን አንድ እርማት አድርሺልኝ፦ አርባው ዐቢይ ጾም ላይ ቢውል የሚቀረው ዶሮው ነው፤ ቅዳሴው አይቀርም። ባለታሪኩ ሽሮውን ብቻ ቆጥሮ ቅዳሴውን ዘንግቶታልና ያስተካክለው። የእድሩን ዳኛ ግን እንዳይነካው፤ ቁርጥ የእኛን ሰፈር ዳኛ ነው።